ታፔላውን ያሰረው ሰንሰለት

ሁለት ክረምት ወልድያ ላይ ጎማ የጠገነ ልጅ «የሥራ ዘመኔ» ብሎ መጻፍ ይገባዋል? እኔ እንጃ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ሀስል» የሚለውን ቃል በዓረፍተ ነገር አሳዩ አሉን። ጓደኞቼ «ታትሮ መሥራት» ብለው ጀመሩ። የእኔ ወረቀት ባዶ ቀረ። ተናድጄ ነበር።

ጎሚስታው ቤት በገባሁ ቀን ጋሽ ሰይድ በመጀመሪያ ያስያዙኝ ክሪክ አይደለም፤ ሰንሰለት ነው። የመርሳ ሰው ናቸው፤ በሙያው ያረጁ።

«ይህን ጎማውን ከቸርኬው ጋር የያዘውን የብረት ቀለበት ታያለህ? በደንብ ካልገባ አየር ስትሞላ ይፈናጠራል። መጀመሪያ በሰንሰለት ጠፍረህ እሰር። ከዚያ ቢስሚላህ ብለህ ንፋ።»

«እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያው በስመ አብ በል። ቀለበቱ ሃይማኖት አይለይም።»

የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ወጣት ነው። «ሀስል»ን ያገኘው ከስልኩ ነው። ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ «ሀስል!» ይላል። ጋሽ ሰይድ ለሶላት ሲነሱ «ሀስል እንጂ ሰይዴ!» ይላል። ይህን ሁሉ የሚለው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው። ለራሱ ሲለው አንድም ቀን አልሰማሁም።

ቀጥሎ «ሀስል ጎሚስታ» የሚል ታፔላ አሠርቶ መንገድ ዳር አቆመ። እንዳይሰረቅበት የእኛን ሰንሰለት ወስዶ ከመብራት ምሰሶው ጋር ቆለፈው።

«በምን ልናስር ነው ታዲያ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ሌላ ይገዛል።»

አልተገዛም።

አንድ ቀን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጎማው ተንፍሶ ከመርሳ መጣ። ሾፌሩ ሽንኩርቴ ፀሐይ ላይ ቀረ እያለ ይጮኻል። ጎማውን ጠግነን ገጠምነው፤ የቀረው አየር መሙላት ነው።

«ሰንሰለቱን ፍታልኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ባለቤቱ ሳቀ። «ታፔላዬን ሌባ ይውሰደው? ሀስል ፈሪ አይወድም ሰይዴ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ንፋው!»

የአየሩን ቱቦ አነሳሁ። ጋሽ ሰይድ ከእጄ ነጠቁኝ።

«ዞር በል። አንተ ትምህርት አለብህ።»

ቀለበቱ ተፈናጥሮ ቀኝ ክንዳቸውን ከክርናቸው በላይ ሰበረው። በባጃጅ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው «ሽንኩርቱ ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

ባለቤቱ ደግሞ ለጠያቂው ሁሉ «ሰይዴ እኮ የሀስል ሰው ነው!» ይል ነበር። ይህን ሲል ወንበሩ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ጥርሴ ይፋጫል።

በቅርቡ መርሳ ወርጄ ጠየቅኋቸው።

«ክንድዎ እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጎማ ባያነሳም ለዱዓ ይነሳል።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ለመምህራችን ዘግይቼ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ሀስል ታትሮ መሥራት ነው። «ሀስል» የሚልህ ሰው ጎማው አጠገብ አብሮህ ካልቆመ ግን አትንፋ።

ባለቤቱ ሰንሰለቱን ከታፔላው ፈትቶ ወደ ጎሚስታው የመለሰው የጋሽ ሰይድ ክንድ በተሰበረ ማግስት፣ በመስቀል ዕለት ነው።