አራት ጣት

«በገዛ ላቡ የከበረ ሰው የማንም ባለዕዳ አይደለም» የሚል ፍርድ በዘመናችን ገኗል። ባለሀብቱ ሲናገረው ይጨበጨብለታል፤ ድሃውም ሳይቀር አሜን ብሎ ይቀበለዋል። ፍርዱ እውነት መሆን አለመሆኑ ግን በጭብጨባ አይለይም፤ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አስቀምጦ መለካት ያስፈልጋል። እዚህ የሚለካው በአንዲት ጨርቅ ቆራጭ ሕይወት ነው።

እታለም ይሏታል። እንዲህ ብላ መጀመሪያ የጠራቻት ታናሽ እህቷ ሚጡ ነበረች። እናታቸው ስትሞት ታላቂቱ አሥራ ስድስት፣ ታናሺቱ ሰባት ዓመቷ ነው። የተረፈላቸው በእጅ የሚዞር አንድ የስፌት መኪናና አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። እታለም ትምህርቷን ትታ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች፤ ሚጡ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ፊደል ቆጠረች። አንዷ እንድትቀመጥ አንዷ ቆመች። ሠላሳ ሁለት ዓመትም ሳትቀመጥ ቀረች።

የምትሰፋው የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ነበር። ልጅ እንደሚያድግ፣ የድሃ እናት ደግሞ በየዓመቱ እንደማትገዛ ከራሷ ቤት ታውቃለች። ስለዚህ ከሱሪውና ከቀሚሱ ግርጌ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ ልጁ ሲረዝም እናት እጥፋቱን ፈትታ ታወርደዋለች። ሜትር አታውቅም ነበር ማለት አይደለም። ለእጥፋቱ ግን ሜትር አታነሣም፤ አራት ጣቶቿን ገጥማ በጨርቁ ጫፍ ታሳርፋለች፣ በጣቶቿ ዳር በደረቀ ሳሙና ስባሪ ታሰምራለች። በቃ።

ሚጡ ተምራ፣ የንግድ ሥራ አመራር አጥንታ ተመለሰች። ታላቅ እህቷ ያላየችውንም አየች፤ ያ እጥፋት ለብዙ ሺህ እናቶች ሊሸጥ የሚችል ነገር መሆኑን። ይህን በማየቷ ምስጋና ይገባታል። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የአንድ ክፍሉ ሥራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሞላ፤ ሁለት መቶ ሴቶች ተቀጠሩ፤ በድርጅቱ መኪኖች ጎን ላይ «ከልጅዎ ጋር የሚያድግ ልብስ» ተብሎ ተጻፈ። የእናታቸው የስፌት መኪና ተወልውላ በዋናው መግቢያ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆመች። ንድፍ በወረቀት ወጣ፤ ጨርቁም በኤሌክትሪክ ይቆረጥ ጀመር። የእጥፋቱን መስመር ግን አሁንም የምታሰምረው እታለም ናት። «ያንቺ እጅ ካልነካው ልብሱ የኛ አይሆንም» ያለቻት ሚጡ ራሷ ነበረች። ጨርቁ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ እታለም አራት ጣቷን አሳርፋ ታሰምራለች፤ ቆራጩ መኪና የእሷን መስመር ተከትሎ ይሄዳል።

የመቀስ ሥራ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ቁርጥማት ከቀኝ እጇ መገጣጠሚያዎች ገብቶ ጣቶቿን እንደ ዝንጅብል ሥር አጎባብጧቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሳይገባ በሙቅ ውሃ ነክራ ታፍታታቸዋለች። ለማንም አልተናገረችም። በዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛ እንዳትነሣ።

አንድ ቀን ሚጡ ወደ መቁረጫው ክፍል ወረደች።

«እታለም፣ ዘንድሮ እጥፋቱን ወደ ሁለት ጣት እናውርደው።»

«ልጆቹስ? እነሱም አብረው ይወርዱልሻል?»

«ቀልዱን ተዪው እንጂ። ወላጅ በየዓመቱ ቢገዛ ምን ይሆናል?»

«አንቺን በአንድ ቀሚስ ሦስት ዓመት ነው ያስተማርኩሽ። ያኔ ብትጠይቂኝ ምን እንደሚሆን እነግርሽ ነበር።»

ሚጡ ሳቀች፤ ነገሩንም ለጊዜው ተወችው። እህቷ እልኸኛ መሆኗን ግን በልቧ ይዛ ወጣች።

ከሦስት ወር በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ ክፉ ወሬ ይዞ መጣ። ከአንድ ጥቅል ጨርቅ መውጣት የሚገባው ልብስ እየወጣ አይደለም፤ ጨርቅ ይጎድላል። ከጎደለ የወሰደው አለ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ሲወጡ በር ላይ አንድ በአንድ ይፈተሹ ጀመር።

ከሁሉም ምላሷ የሚዋጋው፣ የልብሱን ቁልፍ የምትተክለው ቁልፍ ሰፊዋ እጆቿን ዘርግታ ለፈታሿ ቆመችላት። «ፈትሺ የኔ እናት፣ ፈትሺ! ሆዴንም እዪው፤ ጠዋት ሦስት ሜትር ቴትረን ጨርቅ ቁርስ አድርጌ ነው የመጣሁት!» ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ግን እታለም አየቻት፤ ያቺ ቀልደኛ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሏት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲሠሩ መርፌ ስቶባት አያውቅም።

በምሳ ሰዓት ክፍሉ ጭር ሲል እታለም ከንድፍ አውጪዎቹ መሳቢያ የብረት ማስመሪያ አነሣችና ያሰመረችውን ለካችው። ሰባት ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ማስመሪያው የተበላሸ መሰላት። ከዚያ አራት ጣቶቿን ማስመሪያው ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ እንደ ድሮው አይገጥሙም፤ ያበጠው መገጣጠሚያ አንዱን ጣት ከአንዱ ያርቀዋል። ከልጁ ጋር የሚያድገው ልብሱ ነው ሲባል፣ ሳታውቀው ያደገው እጇ ነበር።

ብትናገር ከጠረጴዛው ትነሣለች፤ ዝም ብትል ሴቶቹ ይፈተሻሉ። ምሳዋን ሳትነካ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች።

ደረጃውን ስትወጣ አንድ ነገር ወስናለች። ጥፋቱን ትናገራለች፤ ሕመሟን አትናገርም። እጇን ግን አትደብቅም። እህቷ አይታ ከጠየቀቻት ሁሉንም ትዘረግፍላታለች። ሕመምን በአፍ መናገር ልመና ይመስላት ነበር። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፣ ኩራትም አለበት፤ ጥፋቷም ነውና አንሸፍንላትም።

ከሚጡ ፊት ተቀምጣ ቀኝ እጇን በጠረጴዛው መስተዋት ላይ ዘረጋች።

«ሚጡ፣ ሴቶቹን ማስፈተሽ ተዪ። ጨርቅ የወሰደ የለም። እጥፋቱን ያሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ምን ያህል?»

«ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ።»

«ቀንሺ ስልሽ ጨመርሽ?» ሚጡ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ የእህቷን ፊት አየች። «ከኔ ጋር እልህ ተጋባሽ ማለት ነው?»

ስልክ ጮኸ። ሚጡ አንሥታ ስታወራ ዓይኗ በጠረጴዛው ላይ ባለው ነገር ሁሉ ተንሸራሸረ፤ በእስክሪብቶው፣ በቀን መቁጠሪያው፣ በተዘረጋው የእህቷ እጅም ላይ። እጁን እንደ እስክሪብቶው አልፋው ሄደች። ስልኩን ስትዘጋ ፍርዷ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬውኑ ይወጣ ነበር፣ እታለም። አንቺ ግን ደክመሻል። ማረፍ አለብሽ።»

«ከጠረጴዛው አታንሺኝ፣ ሚጡ። ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።»

«ለራስሽ ብዬ ነው።»

ሥልጣን ያለው ሰው ሲፈርድ ይህችን ቃል ይወዳታል። እታለም እጇን ከመስተዋቱ አነሣች፤ የላቧ ምልክት ጥቂት ቆይቶ ጠፋ።

በማግስቱ ፍተሻው ቀረ። የተፈተሹትን ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም።

የስንብቱ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሹ ተሰበሰበ። ሚጡ ንግድ ለሚጀምሩ ወጣቶች ደጋግማ የምታደርገው ንግግር ነበራት፤ ልማድ ሆኖባት በዚያ ቀንም እሱኑ አደረገችው። «ከምንም ተነሥቼ፣ በነዚህ በሁለት እጆቼ…» ብላ እጆቿን ከፍ አደረገች። ያማሩ እጆች ነበሩ። ከዚያ እህቷን ወደ መድረክ ጠራችና ከሐር ሣጥን የወርቅ ቀለበት አወጣች። ያሠራችው በራሷ ጣት ልክ ነው፤ ሚጡ ኮረዳ ሳለች የአንዷ ቀለበት ለሌላዋ ይሆን ነበርና።

ቀለበቱ ከመጀመሪያው መገጣጠሚያ አላለፈም። ሚጡ ገፋ አደረገችው፤ እታለም ከንፈሯን ነከሰች።

«ምነው እታለም፣ ጣትሽ ወፈረ? ጡረታው ከአሁኑ ተስማማሽ መሰለኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እታለምም ሳቀች፤ ሰው ሲሳቅበት ብቻውን ማኩረፍ አይችልም። ያልሳቀችው ቁልፍ ሰፊዋ ብቻ ነበረች።

«አይጨነቅሽ፣ ይሰፋል» አለች ሚጡ።

እውነትም ሰፋ። ከአራት ቀን በኋላ ሾፌሩ የተስተካከለውን ቀለበት አምጥቶ፣ በተረካቢ ቅጽ ላይ አስፈርሟት ሄደ። እታለም አላደረገችውም፤ የሳሙና ስባሪዎቿ ካሉበት ቆርቆሮ ጨመረችው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ በዚያ ቤት ወርቁ ማን እንደ ነበር የተረት አዋቂ አያሻውም። በፋብሪካው አዲስ ንድፍ ወጣ፤ እጥፋቱ ወደ ሁለት ጣት ወረደ። በመኪኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ አልተነካም።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት ቁልፍ ሰፊዋ ሚጡን ደረጃ ላይ አስቆመቻት።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእህትዎን እጅ አይተውት ያውቃሉ?»

«እጇ ምን ሆነ?»

«እሱን እኔ ነኝ የምነግርዎት?»

ሚጡ ወደ መቁረጫው ክፍል ሄዳ በናሙናነት ከተሰቀሉት ልብሶች እታለም በመጨረሻ ያሰመረችውን ቀሚስ አወረደች። እጥፋቱን ገልጣ አራት ጣቷን አሳረፈችበት። ከጣቶቿ በታች ባዶ ጨርቅ ተረፈ። ብልህ ሴት ናት፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ከተረዳች በኋላ እንኳ ስብሰባ ነበረባት፣ ጉዞም ነበረባት፤ እህቷ ቤት የደረሰችው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ቤቱ ያው ያደጉበት ቤት ነው። የስፌት መኪናዋ ከነጠረጴዛዋ ትቆምበት በነበረው ማዕዘን አራት የእግር ጉድጓዶች ወለሉ ላይ ቀርተዋል። እታለም አልጋዋ ላይ ተደግፋ ነበር፤ እህቷን ስታይ ቀኝ እጇን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባች።

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ልየው። ውጭ አገርም ቢሆን ወስጄ አሳክምሻለሁ።»

«ያኔ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬልሽ ነበር፣ ሚጡ።»

«አላየሁትም።»

«አውቃለሁ። አላየሽውም።»

በድምፅዋ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ለሚጡ ይቀልላት ነበር። ሚጡ እንደ ሰባት ዓመቷ ልጅ አለቀሰች። እታለም «አይዞሽ» ብላ እንባዋን በግራ እጇ ጠረገችላት። ቀኟ ከብርድ ልብሱ ሥር አልወጣም።

ሚጡ ከእህቷ አልሰረቀችም፤ አላታለለቻትምም፤ ሀብቷም የላቧ ውጤት ነው። ለእታለም ይገባት የነበረው ቀለበት አልነበረም፣ ሕክምናም አልነበረም፤ ያን ቀን ያንን እጅ ከመስተዋቱ ላይ አንሥታ «እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የምትላት እህት ነበረች። እሷን አላገኘችም።