ያላረምሁት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያተረፍሁት ወንድሜ ምንይችል እንኳ አያውቅም፤ «ዕድሌ ነው» እያለ ይኖራል። ይበል። ዕድል ግን አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። ያደረግሁትንም አውቄ፣ በጠራራ ፀሐይ አደረግሁት።

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ መካኒክ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ እኩዮቼ ልጅ ታቅፈው ሳሉ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ሲበላሽ ያመዋል። ሰው የዕቃ ስም ሲያደባልቅ አላልፍም፤ አርማለሁ። ባልደረቦቼም «ዝም በሉ፣ የኔታ መጣች! ፊደል ልታስቆጥረን ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አለቃዬ ጋሼ ውበቱ ግን አይስቁብኝም። የካምሻፍት፣ የዚያ የሞተር ቫልቮችን የሚከፍት ባለ ጉብታ ዘንግ፣ አገጣጠም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጉብታዎቹን ዘይት ቀብቶ ማስተኛት፣ ክዳኖቹን ከመሐል ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ፣ ምልክቱን ከምልክቱ ማጋጠም። በመጨረሻ «ሲል» የሚባለው ዕቃ ይገባል፤ ከካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው የጎማ ቀለበት። «ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዙር» ይሉኝ ነበር። «ሲል ደግ የሚሆነው ዝም ሲል ነው።»

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ፒክአፕ ሞተር ወርዶ ሲታደስ ሥራው ለሁለታችን ተሰጠ። ካምሻፍቱን ጋሼ ውበቱ አስቀመጡ፤ ሲሉን ለእኔ ተዉልኝ። በዚያው ጠዋት ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ «ነገ ቁንዝላ ነኝ። ከውትድርና የተደበቁ ጎረምሶች አሉ፤ በዚህችው ለቅሜ አመጣቸዋለሁ» አለ። ምንይችል ቁንዝላ፣ አክስታችን ቤት ነበር። ወደ ደቅ ደሴት እንዲሻገር በጀልባ መልእክት ሰድጄለታለሁ፤ ጀልባዋ ግን የምትደርሰው ከመኪናው በኋላ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያስፈልገኝ ነበር።

አንድ ቀን ከየት ይመጣል? ሲሉን ገለበጥሁት። ከንፈሩን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ አስገባሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የገጠምሁት ሲል የለም።

ፒክአፑ ዱርቤቴን እንዳለፈ ቆመ። ዘይቱ አምልጦ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ቀበቶ አርሶት፣ ቀበቶው ተበጥሶ ነበር። ምንይችል በማግሥቱ ደቅ ገባ። በዚህ አልጸጸትም። ኃጢአት ነው የሚል ካለ፣ ወንድሙን ለጦር ሰጥቶ ይምጣና ይንገረኝ።

ጥፋቴ ሌላ ነው።

መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ካድሬው ሁላችንንም ሰበሰበን። ሞተሩን የፈታው ባልደረባችን «ሲል ነው፣ ጓድ» አለ።

«ማን ሲል?»

«ሲል ነዋ፣ ጓድ። ተገልብጦ…»

«ማን ምን ሲል ነው የተገለበጠው? በደንብ ተናገር እንጂ!»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው ፊቱን አጠቆረና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የኔታ የሚሉሽ፣ አንቺ ንገሪኝ። ያንን ካምሻፍት የምትሉትን ማን ነው ያስገባው? ይህ አሻጥር ነው!»

ጥያቄው ስሕተት ነበር። የተገለበጠው ካምሻፍቱ አልነበረም። «ካምሻፍቱ አይደለም፣ ሲሉ ነው» ማለት ነበረብኝ። ለስንት ተራ ነገር ሰው ሳርም የኖርሁ ሴት! ጋሼ ውበቱ ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። እኔም መለስሁ፤ «ካምሻፍቱን ያስገቡት ጋሼ ውበቱ ናቸው።»

እውነት ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ብዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸት ቢሆን አንድ ቀን ይጋለጥ ነበር። እሳቸው «ሲሉ የእሷ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብቻ አሉ። ወሰዷቸው።

ለምን አላረምሁም? እኔ ብያዝ ምንይችልን ያገኙት ነበር ልበላችሁ? ይህን ምክንያት ያገኘሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብሁት ራሴን ነበር። ራሴን ብቻ።

ከእስር ሲወጡ ቀኝ እጃቸው መፍቻ አይጨብጥም ነበር። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠው በግራ እጃቸው ብስክሌት ይጠግኑ ጀመር። አንድ ቀን ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኔ…»

ጎማውን ጫን ጫን አደረጉት። «ጎማሽ ደኅና ነው። ምንም የለበትም። ወንድምሽስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲያ ሂጂ።»

ሄድሁ። ይቅር ብለውኝ ነው ወይስ ልሰማሽ አልፈልግም ማለታቸው ነው? ተመልሼ አልጠየቅሁም። መጠየቅ እችል ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ዋርካ ሥር ነበሩ። እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርሁ።

እንግዲህ ይኸው። ለተገለበጠው ሲል ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ዛሬም ቢሆን እገለብጠዋለሁ። ለጋሼ ውበቱ እጅ ደግሞ ይቅርታ የሚሰጠኝ ሰው በሕይወት የለም። እናንተ ያነበባችሁ፣ በእሳቸው ቦታ ቆማችሁ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እንዳትሉኝ። አልቀበልም።