ሳላየው የፈረምኩበት ጄኔሬተር

ከደሴ የተነሣሁት ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። ለባለቤቴ ላሊበላን ልሳለም እንደምሄድ ነገርኩት። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉው እውነትም አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ላስታ ውስጥ ለአንድ ጤና ጣቢያ የተገዛ ጄኔሬተር «በውሉ መሠረት ቀርቧል፤ ተፈትሾ ሥራ ጀምሯል» በሚል የርክክብ ሰነድ ላይ ፈርሜያለሁ። ማሽኑን ግን በዓይኔ አላየሁትም። በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ አለቃዬ በስልኩ ፎቶ አሳየኝና በጀቱ ሊዘጋ ነው አለኝ። ፎቶው ላይ አዲስ ማሽንና የሚያጨበጭቡ ሰዎች ነበሩ። ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ማስተማር ጀምሬያለሁ። በቅርቡ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ለዚያ ጄኔሬተር ዛሬም በየወሩ የናፍጣ ወጪ እንደሚመዘገብ፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች ግን ጨለማ ውስጥ ነን እያሉ አቤት እንደሚሉ ነገረችኝ። የናፍጣ ሰነዶቹንም ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከዚያ በኋላ ሄጄ ሳላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

ከወልድያ እስከ ጋሸና

ወልድያ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ከታሪፉ በላይ ሲያስከፍሉን አንዳንዱ አጉረመረመ። ሾፌራችን ሰይድ ናፍጣ ለመቅዳት ሁለት ቀን ተሰልፎ እንደዋለ ሲናገር ግን ማጉረምረሙ ቀረ። እኔ ስልኬ ውስጥ ያለውን የናፍጣ ሰነድ አሰብኩና አንገቴን ደፋሁ። የድልብን ዳገት ስንወጣ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። ሰይድ የበሩን እጀታ ጨብጬ መያዜን አይቶ «አብሽሪ እህቴ፣ ለምጀዋለሁ» አለኝ።

ጋሸና ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በገብስ እንጀራ ትኩስ የድንች ወጥ በላሁ። እየበላን ሳለ መብራት ጠፋ፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። አስተናጋጇ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ብርሃን አስገባችልን።

ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም

ላሊበላ አደርኩ። ሆቴሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሁለት እንግዶች ብቻ ነበሩ። የሆቴሉ ባለቤት የራሷን ጄኔሬተር የምታስነሣው እንግዳ ሲበዛ ብቻ እንደሆነ ይቅርታ እየጠየቀች ነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ገነተ ማርያም ሄጄ ተሳለምኩ። ከዚያ ወዲያ መኪና ስለማይገባ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ። የገብስ አውድማ፣ ድንጋይ የተካበበት እርከን፣ አልፎ አልፎ አንድ ወይራ። ጤና ጣቢያው ያለባትን መንደር ስም አልጽፍም፤ ሰዎቿ በቂ መከራ አይተዋል።

ጤና ጣቢያው

የተቀበለችኝ ሲስተር ዝናሽ አዋላጅ ነርስ ናት። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደፈረምኩ ወዲያው ነገርኳት። ወደ ማዋለጃው ክፍል ወሰደችኝ። ሌሊት ምጥ ሲመጣ ግንባሯ ላይ የምታስረውን የባትሪ መብራት አሳየችኝ። የክትባት ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው ውስጡ የሕሙማን ካርድ ተደርድሮበታል። ክትባት በየሳምንቱ ከላሊበላ በበረዶ ሣጥን ተሸክማ ታመጣለች። በረዶው ከቀለጠ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ካዘገያት፣ የመጡትን እናቶች ልጆቻቸውን ሳትከትብ ትመልሳቸዋለች።

የጄኔሬተሩን ቤት ቁልፍ የያዙት ዘበኛው ጋሽ መኳንንት ናቸው። በሩን ከፍተውልኝ ገባሁ። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ብረት በነጠላዬ ጠርጌ አቅሙን አነበብኩ። እኔ ከፈረምኩበት ሲሶ እንኳ አይሞላም። ጋሽ መኳንንት እንደነገሩኝ፣ በምረቃው ቀን አራት አምፖል ሲያበራ ሕዝቡ አጨብጭቧል። በማግስቱ ማቀዝቀዣው ሲሰካበት አጓርቶ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ስለ ናፍጣው ጠየቅኳቸው። በምረቃው ቀን ከመጣው አንድ ጀሪካን ሌላ ሽታውም እንዳልደረሳቸው ነገሩኝ። ባልደረባዬ የላከችልኝን ሰነድ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ተረካቢ በሚለው ቦታ በየወሩ የሰፈረው የእሳቸው ፊርማ ነው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩ።

«ይኸማ የኔ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ወረቀት ቆልሎ እየመጣ የደመወዝ ነው ሲላቸው ይፈርሙ ነበር። ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ካረጁ በኋላ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንበብ አይችሉም።

«ሳላይ ፈረምሁ፣ ልጄ።»

«እኔም እንደዚሁ ነው ጋሼ» አልኳቸው። እኔ ግን ማንበብ እችል ነበር።

ደሴ

እሑድ ማታ ቤቴ ገባሁና ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። በማግስቱ ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የናፍጣ ሰነዶቹን ፎቶዎችም አያያዝኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ራሴ ጥፋትና ጸጸት ነበር። ስለ ጋሽ መኳንንት የጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሚፈርሙትን እንደማያውቁ። ደብዳቤውን ሰጥቼ ስወጣ ቀለል አለኝ። ያን ቀን እንዲያ ቀለል ስላለኝ ዛሬ አፍራለሁ።

ውጤቱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ለእኔ ወደፊት እንድጠነቀቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የድሮ አለቃዬ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሯል። አቅራቢው ድርጅት በተመዘገበበት አድራሻ አልተገኘም ተባለ። የተገኙት ጋሽ መኳንንት ብቻ ናቸው። ናፍጣውን ተረክበው አጥፍተዋል ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ፤ ዋጋውንም እንዲከፍሉ ተጠየቁ።

ይህን የነገረችኝ ሲስተር ዝናሽ ናት፣ ደውላ። ከዚያ ስልኩን ለእሳቸው ሰጠቻቸው። ሰላምታቸው ረጅም ነበር፤ ባለቤቴንም፣ ተማሪዎቼንም ጠየቁ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ የጻፍሽው እውነት ነው፤ አልዋሸሽም። ግን ስትጽፊ እኔን የት ልታደርጊኝ አስበሽ ነበር?»

የመጀመሪያውን ወረቀት ማሽኑን ሳላይ ፈረምኩ። ሁለተኛውን ስጽፍ እኒህን ሰው በዓይኔ አይቼ ተመልሼ ነበር፤ ግን የማስበው ስለ ራሴ ኅሊና ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፣ ዘግይቼ። ለአንድ ጥፋት ተጠያቂ ይፈለግ ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ፍለጋው ማን ደጃፍ ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

አሁን ስለ እሳቸው ብቻ የሚናገር ሌላ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ምስክር ሆኜ ለመቅረብም ጠይቄያለሁ። እስካሁን የደረሰኝ ደብዳቤው መግባቱን የሚገልጽ ማኅተም ብቻ ነው። ሲስተር ዝናሽ ትናንት ደውላ ጤና ጣቢያው አዲስ ዘበኛ እንደቀጠረ ነገረችኝ። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ የሚፈርምበት ወረቀት መጥቶለታል።