ለአስር ሰዓት የተጠራሁበት «ኩዊክ ቻት»

ጠዋት ኦፊስ ገብቼ ላፕቶፔን ስከፍት ከማናጀሬ የቀጠሮ ኢንቫይት መጥቷል። አስር ሰዓት፣ «ኩዊክ ቻት»፣ አጭር ወሬ። ሌላ ምንም የለም። ፕሮቤሽኔ፣ የሙከራ ጊዜዬ፣ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ነው የቀረው።

እስክመረቅ ድረስ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ኮፊ ሾፕ ነበር የምሰራው። እዚያ ስታጠፊ ወዲያው ታውቂዋለሽ። ቡናውን በኦት ሚልክ፣ በአጃ ወተት፣ ያዘዘውን ሰውዬ በላም ወተት ከሰጠሽው ፊትሽ ላይ ይጮህብሻል፣ እንደገና ትሰሪለታለሽ፣ አለቀ። እግሬ ያብጥ ነበር እንጂ ፈርቼ አላውቅም። ኦፊስ ግን ማንም አይጮህም። ሁሉም ፈገግ ይላል፤ ጥፋትሽን የሚነግሩሽ ቀጠሮ ይዘው ነው።

ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት ገብቼ፣ ኮፊ ሾፕ አብረውኝ ይሰሩ ለነበሩ ሴትዮ ኮል አደረግኩ። እናቴን ያህላሉ።

«ሊያባርሩኝ ነው መሰለኝ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«እሱን ባውቅማ ምን አስጨነቀኝ!»

«ካባረሩሽ ነያ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከከስተመር ጋር የሚጣላልኝ አጥቻለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ! እኔ እየሞትኩ ነው።»

አስር ሰዓት ላይ ማናጀሬ ሚቲንግ ሩም አስገብታኝ በሩን ዘጋችው።

«ትፈሪኛለሽ እንዴ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ሪፖርቱ አለቀ ወይ ስልሽ ትደነግጫለሽ። ኢሜይሉን ላክሽው ወይ ስልሽም እንደዚያው፤ ትንፋሽሽ ቁርጥ ይላል። እንዲህ ሆነሽ እንዴት ክላየንት ልስጥሽ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። «አዎ» የምልበት ነው! ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ፣ እኛ ቤት ሁሉም ሰው እንደሚለው። ኮፊ ሾፕ በማሽኑ ጩኸት ማን ይሰማዋል?

«እሱ የስ ማለት ነው» አልኳት።

«ሶስት ወር ሙሉ የስ እያልሽኝ ነበር?»

ልመልስላት ስል ያው ትንፋሽ አመለጠኝ። እሷ ሳቀች፣ እኔ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ።

«ስለዚህ አትፈሪኝም» አለች።

መዋሸት እችል ነበር። «እፈራሻለሁ» አልኳት። «እዚህ ሳጠፋ ማንም አይነግረኝም። ካጠፋሁ እዚያው ንገሪኝ፣ ከፈለግሽ ጩሂብኝ። ኢንቫይት ግን አትላኪልኝ።»

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ስባ የሆነ ነገር ማየት ጀመረች። አለቀልኝ አልኩ።

«ሰኞ አንድ ክላየንት ጋ ትደውያለሽ» አለች። «አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ካጠፋሽ እዚያው እነግርሻለሁ። ከዚያ ስለ ፕሮቤሽንሽ እንወስናለን።»

«እሺ» አልኳት፣ በአፌ። አላባረረችኝም። እስከ ሰኞ ግን እህል አልወርድልሽ አለኝ።