ጀርመኗን የምግብ ዘይት ያጠጣኋት ዕለት

ትምህርቴ ከቁርአን ቤት ብዙም አላለፈ። መኪና ግን አውቃለሁ። መርሳ ላይ የምነዳት ያቺ ጀርመን ሠራሽ የቤት አውቶሞቢል ዕድሜዋ ከልጆቼ ይበልጣል። ድሮ ባለሥልጣን ይቀመጥባት ነበር አሉ፤ እኔ እጅ የገባችው ቀለሟ ከለቀቀ ወዲያ ነው። በሯ ሲዘጋ ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ሞላዋ ልስልስ፣ ወንበሯ ጥልቅ፤ የታመመ ሰው ጉድጓዱ ሳይሰማው ይደርስባታል። አራት ማርሽ አላት፣ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በናፍጣ የሚሠራ ነው። እንደ ቤንዚን መኪና እሳት የሚጭር ካንዴላ የላትም፤ አየሩን ጨምቃ ጨምቃ ታግለዋለች፣ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ ይነዳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ግማሽ አዙሮ፣ ማሞቂያዋ እስኪግል ቢስሚላህ ብሎ መጠበቅ ነው። ጉልበቷ ትንሽ ነው፤ «ዳገት ላይ አህያ ይቀድማታል» እያሉ ይስቁብኛል። ግን አትመርጥም። ናፍጣ ሲታጣ ቅባት ያለውን ሁሉ ታቃጥላለች።

ነዳጅ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቶ ናፍጣ የጠፋ ጊዜ፣ ኅዳር ላይ፣ ባለቤቴን ሆዷን ያዛት። ሰፈራችን ያለ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ዳሰሳትና ወደ ውጭ ጠራኝ።

«አንጀቷ ታጥፏል። ነገ በጠዋት ወልድያ ገብታ ካልተቀደደች አትተርፍም» አለኝ።

መኪናዋ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሲሪንቃ እንኳ አያደርስም። የቀብር ዕድራችን፣ የቅሬያችን ሰብሳቢ ይህን ሲሰሙ ቤት ለቤት ዞረው የምግብ ዘይት ለመኑልኝ። ሰው ወጡን ያለ ዘይት በሚበላበት ወቅት፣ በሲኒም በጠርሙስም ሰጠ። ባለቤቴ ተኝታ ሰምታ፣ «ገና ሳልሞት ቅሬው ወጣልኝ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ቁርጠቱ ሳቋን ነጠቃት።

ጎረቤታችን ሴትዮ ጀሪካኗን ስታቀብለኝ፣ «አባ፣ ይሄ እኮ የሚረጋው ዘይት ነው፤ ብርድ አይወድም። ንጋት ላይ ላሙቅልዎት?» አለችኝ።

«ሞተሩ ራሱ ያሞቀዋል፣ ልጄ» አልኋት። ሞተር አውቃለኋ። በዚያው ምሽት ሁሉንም ከናፍጣው ጋር ቀላቅዬ ሞላሁት።

በንጋት ተነሣች፤ ያስነሣት ለካ ቱቦው ውስጥ የነበረው ናፍጣ ነው። ሲሪንቃን እንዳለፍን ዳገቱ ላይ አንዴ ታነቀች፣ ሁለቴ ታነቀች፣ ቆመች። ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮውን ስፈታ፣ ዘይቱ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ሞተሩ ያሞቀዋል ያልሁት፣ ሞተሩ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

ባለቤቴ ከኋላ ወንበር «ደረስን?» ትለኛለች። «ትንሽ ቀረን» እላታለሁ። ከመንገድ ዳር ቤት ሙቅ ውሃ ለምኜ፣ ፊልትሮውን አጥቤ፣ ቱቦውን በሞቀ ጨርቅ ጠቅልዬ አስነሣታለሁ፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ባለቤቴ መጠየቁን ተወችው።

ወልድያ ስንገባ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ተሰግዷል። ሐኪሙ ቀደዳት። ሲወጣ ፊቱ ደክሞ፣ «አባቴ፣ ጠዋት ቢሆን ኖሮ…» አለኝ። በማግሥቱ ሞተች።

ለቅሶ ላይ ሁሉም «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» አለኝ። ቀደር መሆኑን አምናለሁ፤ ልቤ ግን አላርፍ አለ። ሰው ሲበተን ያቺን ጎረቤቴን ጠራኋት።

«ነግረሽኝ ነበር እኮ። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ውቀሽኝ» አልኋት።

ሳህኑን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ምን ብዬ ልውቀስዎት፣ አባ? ዘይት መርጋቱን በየት ያውቁታል? ዕድሜ ልክዎን ወጡን ሠርታ ያቀረበችልዎት እሷ ናት» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አሁን ወጤን የምሠራው እኔው ነኝ። ብርድ ሲሆን የዘይቱን ጠርሙስ ምድጃው አጠገብ አኖርና፣ እስኪቀልጥ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።