ሀብት ያሸታል የተባለው የክሪሳንታ ቤት

በሳን ኢርሚኖ እንዲህ ይወራል፤ አገሩ ሁሉ «ሎላ»፣ አያቴ፣ የሚላቸው የወይዘሮ ክሪሳንታ ቤት ሀብት ያሸታል። ትምባሆ በጀልባ በሚጫንበት ዘመን ወንዝ ዳር ነበር። የሸንኮራ አገዳው ባቡር ሲመጣ ሐዲዱ ዳር ተገኘ። ባቡሩ ቀርቶ የመስኖው ቦይ ሲቆፈርና ሩዝ በዓመት ሁለቴ መታጨድ ሲጀምር፣ ቤቱ ቦዩ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ የሽንኩርት ነጋዴ ወደሚጋፋበት አውራ ጎዳና ወጣ። እንደ አገሩ ልማድ መንደርተኛው ቤቱን እንዳለ በቀርከሃ ተሸክሞት ሲጓዝም ሎላ ውስጥ ተቀምጠው ሩዝ ይቀቅላሉ፤ አንዲት ፍሬ አትፈስም።

ወሬውን የሚያሰራጨው ፀጉር አስተካካዩ ሶፍሮኒዮ ነው። እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩ ባጠረ ቁጥር ወሬው ይረዝምበታል። እውነቱን ለመናገር ግን ለሶፍሮኒዮም አልዋጥ ያለው ነገር አለ። የቤቱ ወለል ስንጥቅ ቀርከሃ ነው፤ እሳት ቢነድበት ፍሙ የሚወርደው ተሸካሚው አናት ላይ ነው። የእሱ አናት ደግሞ መላጣ ነው፤ ይሰማው ነበር።

ታዲያ ያንን የጥቅምቱን ቀን ነገር ምን ይበለው?

አውሎ ነፋሱ ባለፈ ማግስት ቦዩ ግድቡን ሰብሮ፣ ዳርቻውን እየገመጠ ከቤቱ ምሰሶ ሥር ደረሰ። ሟቹ ባላቸው በእጃቸው የሠሩት፣ ስምንት ልጆች የተወለዱበት ቤት ከምሽት በፊት ካልተነሳ ውሃው ሊወስደው ነው። ምሰሶው ተነቀለ፣ ቀርከሃው በወለሉ ሥር ታሰረ። የሚያስፈልገው ሃያ አራት ትከሻ ነው። ጎረምሳው ግን ግማሹ ሳውዲ ቧንቧ ይገጥማል፣ ግማሹ መርከብ ላይ ነው።

«ስንት ሆንን?» አለ መምህር ዳሪዮ።

«አስተማሪው አንተ፣ ቁጠር የምትለው እኔን?» አለ ሶፍሮኒዮ። «አሥራ ሦስት ነን፤ ያውም አንዳችን ቄስ።»

«ቄሱ ጆሮ አላቸው፣ አንተ መላጣ!» አሉ አባ ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ለአሥራ ሦስት ሰው ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው አነሱ። ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ደገሙ። የመምህሩ ጉልበት ተንቋቋ፤ ቤቱ ዝም። ከጀርባቸው የጎጆ ስፋት ያለው አፈር ተንዶ ቦዩ ውስጥ ገባ።

«ቀኑን ልታመሹት ነው እንዴ?» የሚል የሎላ ድምፅ ከወደ ኋላ መጣ። «አሁን!»

ቤቱ ተነሳ። እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተነሳ! ከፊት ተሸካሚ የነበረው ሶፍሮኒዮ ዓይኑን ከጭቃው ባይነቅልም፣ የሌለው ፀጉሩ ሲቆም ተሰማው። የሩዙን ማሳ እያቋረጡ ሲሄዱ ጎሾቹ ማመንዠካቸውን ትተው አዩአቸው። አባም መጸለይ ረሱ። «ሶፍሮኒዮ፣ ጉድጓድ! ወደ ቀኝ በል!» የሚለው የሎላ ድምፅ ብቻ ከቤቱ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። መቶ እርምጃ ሳይርቁ ቤቱ የነበረበት መሬት በሙሉ እያጓራ ወረደ። ጎዳናው ጋ ሲደርሱ ደግሞ በዝንጅብል የተቀቀለ ሩዝ ሸተተው። ከዚያ በኋላ ሶፍሮኒዮ ምን ይጠራጠራል?

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለአንድ ሽንኩርት ነጋዴ ሲተርክ፣ ሎላ ክሪሳንታ መቀሳቸውን ሊያስሉ ገቡ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው ከወንበሩ መደገፊያ ብዙም አይበልጥም።

«ይኸው ራሳቸው መጡ!» አለ ሶፍሮኒዮ። «ሎላ፣ እስኪ ይመስክሩልኝ። ቀጣዩ ሀብት የት እንደሆነም ለእንግዳው ይንገሩት።»

ሎላ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ከወንዙ ጎርፍ አባረረን። ከሐዲዱ የሸንኮራው ጌታ ዘበኞች አባረሩን። ከቦዩ ምን እንዳባረረኝ አንተም አይተሃል። ቤቴ ሀብት አሽትቶ አያውቅም። ሩዙን የቀቀለችው ምራቴ ናት፣ እዚያው ጎዳናው ዳር። እኔም ውስጥ አልነበርኩም።»

«ታዲያ የት ነበሩ?»

«ከኋላ በግራ በኩል፣ ቀርከሃው ሥር» አሉ። «አሥራ አራተኛዋ እኔ ነበርኩ።»