ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ፕሪንተር

ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ጁባ ነው። እንግሊዝኛ ታነባለች፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በጁባ ዓረብኛ ትጣላለች፤ አማርኛ ግን ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም ነበር። ይህ ነገር እኔን እርር ያደርገኝ ነበር። ባለቤቴ ማረሩን ለእኔ ትታ ሥራ ጀመረች፦ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ልጃችንንና አምስት የሐበሻ ልጆችን ፊደል ማስተማር። ያንኑ መልመጃ ስድስት ጊዜ በእጇ ስትገለብጥ የእጇ አንጓ አበጠ። ፕሪንተር እገዛለሁ አልኩ።

በሳምንት አንዴ ብቻ ለሚያትም ሰው ፈሳሽ ቀለም በዚህ ሙቀት ይደርቅበታል፤ ስለዚህ በዱቄት ቀለም የሚያትመው ሌዘር ይሁን ተባባልን። እስከዚህ ተስማምተናል። እሷ መጀመሪያ እዚሁ ገበያ እንጠይቅ አለች። እኔ ግን የጁባ ሐበሻ አመል አለብኝ፤ ከበርበሬ እስከ ጫማ፣ ከአዲስ አበባ ካልመጣ ዕቃ አይመስለኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ርካሹን አስመርጬ በመንገደኛ አስመጣሁ።

አንድ ወር ሠራ። ከዚያ አብሮት የመጣው ቶነር፣ ማለት የዱቄት ቀለሙ፣ አለቀ፤ የእሱን ዓይነት ደግሞ ጁባ ውስጥ የሚሸጥ አጣሁ። ሁለት ቅዳሜ ያለ መልመጃ አለፈ። በሦስተኛው ሁለት ልጆች ሳይመጡ ቀሩ። የእኔዋ ልጅም፣ "እኔስ ብተወው?" አለች። ያኔ ደነገጥኩ።

ሰኞ ገበያ ወጣሁ። የገባሁበት የፕሪንተር ሱቅ ባለቤት ጋምቤላ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ጥራቱ ስጠይቃት ሰምታ ሰምታ ቶነር የተደረደረበትን መደርደሪያ አሳየችኝ።

"ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀለሙን ምረጥ። ከዚህ ገበያ የማይጠፋውን እይና ለእሱ የሚሆነውን ማሽን ውሰድ።"

ባለቤቴም ያለችው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሌላ አፍ ሲመጣ ግን ገባኝ፤ አያኮራም። ጥቁር ብቻ የሚያትም፣ ትንሽና ቀርፋፋ የሆነውን ያዝኩ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራት፣ ለልጇም ቦታ እንዳለ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ። ልጃችን ገና ትኩስ እያለ ነጥቃ፣ በጣቷ እየተከተለች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራች። ከዚያ ቀና አለች።

"አባዬ፣ ውሃ ይላል።"

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለች።